ሰውየው አፉን ከገጠመ በኋላ

ኅዳር 11 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። የቀበሌያችን አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። ፊት ለፊት ነጭ አቡጀዲ ተወጥሯል። እኔ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ የነጠላዬን ጥለት በጣቴ እየጠቀለልኩ እፈታለሁ።

በማግስቱ የኅዳር ሚካኤል ነው። በማግስቱ የረታ ሽማግሌዎች ለመጨረሻው መልስ ቤታችን ይመጣሉ። ረታ ግን ከሮብ ጀምሮ ጠፍቷል። አሁን ከአቡጀዲው በስተግራ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ማይኩን ይዞ ተቀምጧል፤ ከተቀመጠም ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ሙሽራው አንገቱን ተቀጨ እንዴ?» አለችኝ ከኋላዬ የተቀመጠችው ጎረቤታችን ፀሐይነሽ፣ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ።

«ዝም በይ እስቲ።»

«እኔማ ዝም ብያለሁ። እሱ ነው ዝም ያለሽ።»

ዝምታውን የፈታሁት በራሴ ልክ ነበር። ኦዴሳ ተምሮ የመጣ ሰው፣ ገርጂ ላይ አጠና የሚሸጥ ሰው ልጅ ሊያገባ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በዚሁ አዳራሽ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ከእናቶች ጋር ተቀምጬ ነው። ከዚያ በኋላ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ለረታ የጻፍኩለት የመጀመሪያው ደብዳቤ ስህተቱ ከፊደሉ ይበልጥ ነበር። አላረመልኝም፤ አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ አኖረው። አሁን ግን ዓይኑ ተገለጠለት ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌ ፊት ከመታሰሩ በፊት ማን መሆኔን አይቶ አፈረብኝ። እኔም በራሴ አፈርኩ።

*

የፊልሙ አሠራር እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሶቭየት አገር የመጣ ፊልም ይታያል። ሙክታር የሚባለው ልጅ ማሽኑን ያዞራል፤ ረታ መስኮብኛውን እየሰማ በማይኩ አማርኛውን ይናገራል። ፊልሙ የሚደርሰው በዚያው ዕለት ስለሆነ እሱም እንደ እኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚያየው። ወንዱም፣ ሴቷም፣ ሕፃኑም፣ ጄኔራሉም የሚናገሩት በረታ ድምፅ ነው። ሰው ለምዶታል፤ ቆንጆዋ ልጅ በወንድ ድምፅ «እናቴን» ስትል አብሯት ያለቅሳል።

የተዋወቅነውም በዚያ ነው። አንድ ቀን ፊልም አልቆ ሰው ሲወጣ ድፍረት አግኝቼ ጠየቅሁት። «መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ብዙ ስትል ነበር፤ ለምን ዝም አሉ?»

«እያለቀሰች ነበር» አለኝ። «ልቅሶ ምን ብዬ ልተርጉም?»

በቀን ሥራው የትራክተር መመሪያ ወደ አማርኛ መመለስ ነበር። የሚኖረው ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ፣ የአንድ ትልቅ ቪላ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ነው። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል። ጎረቤቶቹ በመኪና ገብተው በመኪና ይወጣሉ፤ ግንቡ ረጅም ነው፤ ደህና አደርክ የሚለው ሰው የለም። እዚያ ነው የሚጠጣው። አረቄ ቤት አይገባም፣ ከሰው ጋር አይጠጣም። በሩን ዘግቶ ለብቻው ነው።

«እዚያ እያለሁ ብርዱ ነው እል ነበር» ብሎኛል አንድ ቀን፣ ከአጠናው ክምር ጥላ ሥር ቆመን። «እዚህ መጣሁ። ብርድ የለም። የማመካኝበት አጣሁ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ማታ ቤቴ ስገባ ቀኑን ሙሉ የራሴ የሆነ አንድ ቃል እንዳልተናገርኩ ይታወቀኛል። የሌላ ሰው ነው የምናገረው። ስጠጣ ዝምታው ይርቅልኛል። ጠዋት እጥፍ ሆኖ ይመለሳል።»

አባቴ ወልደጻድቅ ድሃም ሆነ ባዕድ አይንቅም። ጠጪ ግን ቤቱ እንዲደርስ አይፈልግም። ታናሽ ወንድሙ ሲጠጣ ኖሮ ነው የሞተው፤ እኛ ለሰው የምንናገረው ምች መታው ብለን ነው። ጥቅምት ላይ የረታ አጎት ጋሼ ገሰሰ ሽማግሌ ሆነው ሲመጡ አባቴ በቀጥታ ነገራቸው።

«ልጅዎ ይጠጣል አሉ።»

«ይጠጣ ነበር» አሉ ጋሼ ገሰሰ።

«እንግዲያው በሚካኤል ስም ይገዘት። ለኅዳር ሚካኤል ተመልሰው ይምጡ፤ ከተገዘተ ወዲህ አንድ ጠብታ እንዳልቀመሰ እርስዎ ይማሉልኝ። የሌላ ሰው መሐላ አልፈልግም።»

ጋሼ ገሰሰ ለእውነት እንኳ ምለው የማያውቁ ሰው ናቸው። «እንዲያው በቃሌ እመኑኝ» ብለው ነው በመንደሩ የኖሩት፤ ሰውም በቃላቸው ያምናቸዋል። ጥቂት አሰቡና «እሺ፣ ለዚህ ልጅ እምላለሁ» አሉ።

ረታ በሳምንቱ የነፍስ አባቱ እግር ሥር ተንበረከከ። መስቀሉ ራሱ ላይ ተጭኖ ተገዘተ። በዚያን ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ አያወራውም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጥቶ ለእኔ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ፊቱ ግን ታጥቦ እንደተሰጣ ልብስ ያበራ ነበር። ያን ፊቱን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይሰበራል።

*

የዚያን ዕለት ፊልም የባቡር ሐዲድ የሚጠብቅ ሰው ታሪክ ነው። አገሩ በሙሉ በረዶ ነው። ሰውየው ከጎጆው አይወጣም፤ ባቡር ሲመጣ ፋኖስ ያነሣል፣ ባቡሩ ያልፋል፣ እሱ ገብቶ ይጠጣል። የሚያናግረው ሰው ቢኖር በሚቀጥለው ጣቢያ ያለች ስልከኛ ብቻ ናት። መልኳን አያውቅም። «ባቡር አለፈ» ይላታል፤ «ሰማሁ» ትለዋለች።

«እኔም ብሆን በዚህ ብርድ እጠጣ ነበር» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ያለ ብርዱስ መቼ ተውክ!» አለችው ፀሐይነሽ፤ አዳራሹ ሳቀ።

ረታ አልሳቀም። ሌላ ጊዜ ሰው ሲስቅ ጠብቆ፣ ፈገግ ብሎ ነበር የሚቀጥለው። አባቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣብቆ አቡጀዲውን ብቻ ያያል። ከፊታችን ጋሼ ገሰሰ ለነገ ያሳጠቡትን ነጭ ጋቢ ዛሬውኑ ለብሰውት ተቀምጠዋል።

አንድ ቀን ሐዲድ ጠባቂው ስካሩ አሸንፎት ፋኖሱን ሳያነሣ ይቀራል። ሰው አልሞተም፣ ግን ሊሞት ነበር። ስልከኛዋ ስልኩን ማንሣት ትተዋለች። ሰውየው መጠጡን ትቶ ሐዲዱን ተከትሎ በበረዶው ውስጥ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ቤቷ ደርሶ ያንኳኳል። ከበሩ ወዲያ መቆሟ ከታች በሚታየው ጥላዋ ይታወቃል። አትከፍትም።

«ክፈቺልኝ አልልሽም» አለ ረታ፣ በሰውየው ፈንታ። «ስሚኝ ብቻ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፋኖሱ እጄ ላይ ነበር።»

ሰውየው ይህን ብሎ ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። አፉን ገጠመ። በረዶ ጢሙ ላይ ይወርዳል፤ ማሽኑ ይዞራል፤ ሰውየው ዝም ብሏል።

ረታ ግን አላቆመም።

«ሮብ ዕለት ጠጣሁ» አለ።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም።

«ከፍቶኝ አልነበረም። ደስ ብሎኝም አይደለም። ቤቴ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ እንደ ድሮው ሆነ። በሚካኤል ስም ተገዝቼ ነበር። ግዝቴን አፈረስኩ።»

«መስኮብ አገርም ሚካኤል አለ እንዴ?» አለ አንዱ ጎረምሳ። ሰው ሳቀ።

«ዝም በሉ፣ እንስማበት!» አለች ፀሐይነሽ። ድምፅዋ በእንባ ተዘግቷል፤ እሷ ገና ፊልሙ ውስጥ ናት።

እኔ ግን አውቄ ነበር።

«ነገ አጎቴ ስለ እኔ ሊምል ነው» አለ ያ ድምፅ። «ዕድሜውን ሙሉ ያልማለ ሰው ነው። ሐሙስ ልነግረው ሄድኩ፤ ጋቢውን አሳጥቦ አሰጥቶ አገኘሁት። ደስ ብሎታል። አፌ ታሰረ። ትናንትም ሄድኩ። ሰው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ አፌ ይታሰራል፤ የምናገረው በሌላ ሰው ፊት ተከልዬ ብቻ ነው። አሁንም እንደዚያው ነኝ። ጋሼ ገሰሰ፣ በሐሰት እንዳይምሉ። ሚካኤልን ይዤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። የሺዬ...»

ስሜን ጠርቶ ቀጣዩን አጣው። ሳቁ ቆሟል። የፊልሙ ጥቅል መጨረሻ ከማሽኑ ወጥቶ ጠፍ ጠፍ ማለት ጀመረ፤ አቡጀዲው ባዶ ነጭ ሆነ። ሙክታር ደንግጦ መብራቱን አበራው።

ያ መብራት ባይበራ ምን ነበረበት! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

*

«ሰክሯል!» አሉ የቀበሌው ሊቀ መንበር ከፊት ተነሥተው። «ማይኩን ተቀበሉት! ይህ ማስተማሪያ ፊልም ነው፤ የንስሐ ቤት አይደለም።»

«ሰክሮ ነው» የሚለው ቃል ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ተላለፈ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር፣ ዓይኑን አላያችሁትም?» «ምስኪን ልጅ፣ ነገ እኮ ነው ሽማግሌው።» ሰው ሁሉ እሱን አይቶ ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔን አይቶ ወደ አባቴ። አባቴ ቀይ ሰው ነው፤ አመድ መስሏል።

እኔም ሰክሯል ብዬ አምኛለሁ። ሳይጠጣ ይህን ከየት ያመጣዋል? ጠረጴዛው ላይ፣ ከማይኩ አጠገብ፣ ብርጭቆ አለ። ለጉሮሮው ውሃ ይቀመጥለታል። ነገር ግን አረቄም እንደ ውሃው ጥርት ያለ ነው።

ተነሣሁ።

«የሺአረግ፣ ተቀመጪ» አለኝ አባቴ።

አባቴ ሁለቴ አይናገርም፤ እኔም እስከዚያች ቀን ሁለቴ አስብዬው አላውቅም። እግሬ ግን ሄደ። በአግዳሚዎቹ መካከል ሳልፍ ሴቶች ጉልበታቸውን እየሰበሰቡ መንገድ ለቀቁልኝ። ረታ ስደርስ ነው ቀና ያለው። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ግን አይዋልሉም፤ ቀጥ ብለው ነው ያዩኝ።

ብርጭቆውን አነሣሁት። «ኧረ ልጅት!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች፤ ያላገባች ልጅ፣ በአደባባይ፣ በአባቷ ፊት! እኔ ግን አፌ ላይ ደቅኜ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ቀዝቃዛ ነበር። ቧንቧ ቧንቧ ይላል።

«ውሃ ነው» አልኩ።

«ምን አለች?»

«ውሃ ነው አለች።»

«ውሃ ነው።» «ውሃ ነው አለች እኮ።» ቃሉ ልክ እንደ ቅድሙ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ እየተላለፈ በሩ ድረስ ደረሰ።

እፍረቴ የቀነሰልኝ መስሎኝ ነበር፤ ባሰ። ሰክሮ ቢሆን መጠጡ ተናገረ ይባል ነበር፤ ነገ የሚታጠብ ነገር ነበር። አሁን መደበቂያ የለንም። ሰውየው በደህና አእምሮው፣ ባዶ ሆዱን፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ራሱን ገልጧል። ሙክታር የራሱን በርጩማ በእግሩ ገፋ አደረገልኝ፤ ከረታ ጎን ተቀመጥኩ።

«ሂጂ፣ የሺዬ» አለኝ በሹክሹክታ። «በእኔ አትዋረጂ።»

«ከሮብ ጀምሮ አፍረህብኝ ነው ብዬ ነበር» አልኩት።

«በአንቺ?» ዓይኑ ሞላ። «በአንቺ!»

ጋሼ ገሰሰ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ፊታቸውን ወደ አባቴ አዞሩ። «አቶ ወልደጻድቅ፣ ነገ የምምለው የለኝም። ይህ ልጅ እኔን ከሐሰት አውጥቶኛል። እኔ እሱን ከምን እንደማወጣው ግን አላውቅም።» ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉት።

ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። ሊቀ መንበሩ እንኳ እሱን ጠበቁት።

«ሙክታር» አለ አባቴ።

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ፊልሙ ሌላ ጥቅል የለውም?»

«አንድ ይቀረዋል።»

«አዙረዋ፣ ታዲያ! በሩን ትክፈትለት አትክፈትለት ሳናውቅ ወደ ቤታችን ልንሄድ ነው?»

መብራቱ ጠፋ። ረታ ማይኩን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። «ተርጉም» ያለው ሰው አልነበረም። አዳራሹ በሙሉ መስኮብኛውን ዝም ብሎ አዳመጠ።

በሩ ተከፈተ። ሴትዮዋ ቆንጆ አልነበረችም፤ በእጅዋ ኩራዝ ይዛለች። ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየችውና አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለችው?» አልኩት በጆሮው።

«ግባ አላለችውም።»

«እና?»

«ጫማህን አራግፍ አለችው።»

ከጠረጴዛው ሥር እጁን ፈልጌ ያዝኩት።

*

ወደ ቤታችን ስንመለስ ገና ዓይን ለዓይን ያስተያያል። አባቴ ቀድሞኝ ይራመዳል። ከባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ ቆመ። ቁጣውን ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ።

«አጎትሽን ምች አልገደለውም» አለኝ፣ ወደ እኔ ሳይዞር።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«አታውቂም። ጠጥቶ መጥቶ አንኳኳ። ስሜን ጠራ፤ ወንድም ጋሼ አለኝ። ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ አፈርኩ። ሰው የለም እንዲል መብራቱን አጠፋሁት።»

አባቴ ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት፤ ትከሻው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ነበር» አለ። ነጠላዬን አውልቄ ልሰጠው ስል በእጁ ከለከለኝና በኮቱ እጅጌ ፊቱን ጠረገ። ቤት ደጃፍ ስንደርስ መዝጊያውን ይዞ ቆመ።

«ነገ ሽማግሌ አልቀበልም» አለኝ። «ልጁ ብቻውን ይምጣ። ማንም አይምልልኝ። መጀመሪያ ቄሱ ጋ ሄዶ ከግዝቱ ይፈታ፤ ከዚያ እኔ ጋ ይምጣ። የጠጣ ዕለትም ይምጣ።»

ረታ በማግስቱ መጣ፤ በሩን የከፈተለት አባቴ ነው። ጥር ላይ ተጋባን። ከዚያ በኋላም ወድቆ ያውቃል፤ በወደቀ ቁጥር ቤት ከመግባቱ በፊት ደጃፍ ላይ ቆሞ ራሱ ይናገር ነበር። መጋቢት 1980 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ዐርፎ ቦሌ ሚካኤል ተቀበረ። አባቴ እስከ አርባው ድረስ የደጃፉን መብራት አላጠፋም።